ከማሻ የመጣ ሰላምታ

ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቴፒ

ከፋሲካ ተመልሼ ወንበሬ ሳይሞቅ አቶ ፍቅሩ ከሚዛን ደወሉ። የማር ድርጅቱ የእሳቸው ነው። ማሻ ላይ ከጫካ ማር የሚሰበስበውም፣ እዚህ ቴፒ የሚያጣራውም ቡድን በእሳቸው ስር ነው። "እንኳን አደረሰሽ" አሉና ትንፋሽ ሳይወስዱ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። የአዲስ አበባው ደንበኛ ነጭ ማር በብዛት ይፈልጋል፤ እስከ ሰኔ አጋማሽ ተጣርቶ መጫን አለበት። ዘንድሮም እንደ አምናው ሁለቱ ቡድኖች ሲናቆሩ ጊዜው ካለፈ ግን የማሻን ጣቢያ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ማሩን ከነጋዴ ነው የሚገዙት። "ይህንን ለሁለቱም በግልጽ ንገሪያቸው። አገናኚያቸው። ሥራሽ ይሄ ነው" አሉኝ።

ሥራዬ ይሄ ነው። ጥር ላይ ጅማ ለሥልጠና ልከውኝ ስመለስ የቢሮዬ በር ላይ "የቡድኖች ቅንጅት አስተባባሪ" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀኝ። ባሌ ጌታሁን "ድሮም ሰፈሩን ስታስተባብሪ ነው የኖርሽው፤ አሁን ደመወዝ ተቆረጠልሽ" ብሎ ሳቀብኝ።

ለነገሩ ጠቡ የቡድን አይደለም፣ የሁለት ሰው ነው። ገሠሠ የማሻው ሰብሳቢ ቡድን ኃላፊ ነው፤ ከእሱ ጋር ሰባት ሰው አለ። ሐፍሳ ደግሞ የማጣሪያው ኃላፊ ናት። አምና በዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ ላይ ሐፍሳ በሰው ሁሉ ፊት "ገሠሠ ማር ግዛ ሲሉት ውሃ ገዝቶ ይመጣል" አለች። ሰው ሳቀ። እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል። ገሠሠ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አያናግራትም። እሷም "ሐቅ ተናገርኩ እንጂ አልተሳደብኩም" ብላ ቁጥሩን ከስልኳ አጥፍታዋለች። ስለዚህ በማሻና በቴፒ መካከል የሚሄደው ቃል ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ነገር አያስጠላኝም።

የመዘጋቱን ወሬ ዛሬ አልነገርኳቸውም። በዓል ማግሥት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

ሚያዝያ 20

ማሻ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ዲቦራ ናት፣ ጣቢያው ላይ ማር የምትመዝነዋ። ልጇን ከገጠር ከእናቷ ዘንድ አምጥታ ማሻ ትምህርት ቤት ልታስገባ እንደሆነ በደስታ ነገረችኝ። "ጎሽ፣ ጥሩ አሰብሽ" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት።

ከዚያ ገሠሠ ቀረበ። "እትዬ ማናልሞሽ፣ ለዚያች ሴትዮ ይንገሩልኝ። ቀፎ መውረድ ጀምሯል፤ ባዶ ጀሪካን ትላክልን። ደግሞ እንዳምናው የሸተተ ጀሪካን እንዳትልክ።"

ሐፍሳን ማጣሪያው በር ላይ አገኘኋትና "ገሠሠ ሰላም ብሎሻል፤ ካልቸገረሽ ባዶ ጀሪካን ብትልኪልን ብሏል" አልኳት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆመች።

"ሰላም ብሎሻል? እሱ ነው እንዲህ ያለው?"

"ታዲያ ማን ይበለው?"

ወደ ውስጥ ገባች። ከሰዓት ግን ጀሪካኖቹን ልጆቹን ሳታዝ ራሷ በፈላ ውሃ ስታጥብ አየኋት። አንዲት ሰላምታ ናት እኮ። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባል የለ?

ሚያዝያ 25

በችኮላ። የመጀመሪያው ጭነት ገባ። ሐፍሳ በእርጥበት መለኪያዋ እያየች ተቆጣች። "ግማሹ እርጥብ ነው። ንቧ በሰም ያልደፈነችውን ማር ምን አስቆረጣቸው? እንዲህ ያለ ማር ከደህናው ጋር ከተቀላቀለ ይፈላል፣ ሁሉንም ነው ይዞት የሚጠፋው። ንገሪው፤ ሁለተኛ ቢልክ እመልስበታለሁ።"

ለገሠሠ፦ "ሐፍሳ አመስግናለች። አንዳንዱ ትንሽ እርጥበት አለው፣ ብትጠነቀቁ ደስ ይለኛል ብላለች።"

"ትንሽ ከሆነማ ምን ይደረጋል፣ ዝናቡ እንደሚያዩት ነው" አለ።

"ግድ የለም፣ እሷ ታስተካክለዋለች" አልኩት። ማጣሪያው ውስጥ እርጥብ ማር የሚያደርቁበት ጠባብ ክፍል አለ፤ ስለዚህ ሐሰት አይደለም። ብዙ ሲሆን አይችለውም እንጂ።

ግንቦት 1

ዝናብ። መብራት የለም። አንድ ጭነት ገባ፣ ሌላውን ከማሻ ሲመጣ ጌጫ ላይ ጭቃ ይዞታል። የመዘጋቱን ነገር አሁንም አልነገርኳቸውም።

ግንቦት 4

ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ቀኑ ደስ ብሎኝ ነው ያለፈው።

ገሠሠ ስለ ጭነት አውርቶ ሲያበቃ ስልኩን አልዘጋም። ጉሮሮውን ጠራረገና "እትዬ ማናልሞሽ፣ ያቺ ልጅ ያምናውን ነገር ረሳችው ማለት ነው?" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቂም ብቻ አልነበረም። የሚጠብቀው ነገር ነበረው። እንዲህ የሚጠይቅን ሰው "አላውቅም" ማለት ጭካኔ ነው።

"ኧረ አልረሳችም፤ ትጸጸታለች" አልኩት።

"እንዲህ ብላለች?"

"ብላለች። በሰው ፊት እንደዚያ መናገሬ ልክ አልነበረም፣ ይቅር ይበለኝ ብላለች።"

 የማሻ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። "እግዜር ይስጣት" አለ በመጨረሻ። "ልቤ ቆስሎ ነው የከረመው። ሰዉ ሲስቅ የዲቦራን ፊት አይቼ ነበር። እሷም የምትገባበት አጥታ ነበር።"

ማታ ይህንን ለጌታሁን ነገርኩት። የተማሪ ፈተና እያረመ ነበር። ቀና ሳይል "ሐፍሳ እንዲህ አለች?" አለኝ።

"ማለቷ አይቀርም ነበር።"

"አላለችም ማለት ነው።"

"ሰው ለማስታረቅ የተባለ ነገር ውሸት አይባልም። አባቴ ዕድሜ ልኩን ሽማግሌ ነበር፤ ስንቱን ባልና ሚስት በእንዲህ ያለ ቃል መልሷል።"

"አባትሽ ግን መጨረሻ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ነበር" አለና ቀይ እስክሪብቶውን ወደ ፈተናው መለሰ። አስተማሪ ያገባ ሰው የመጨረሻውን ቃል መተው መልመድ አለበት።

አንድ ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ግን ልባቸው ይለስልስ።

ግንቦት 8

አቶ ፍቅሩ ደወሉ። "ማሩ ዘገየብን። የነገርኩሽን ነግረሻቸዋል?"

"አዎ፣ ያውቃሉ" አልኩ።

ጊዜው አጭር እንደሆነ ያውቃሉ። እኔ በየቀኑ "ፈጠን በሉ" እላቸዋለሁ፤ ይህም መንገር ነው። ጣቢያው ይዘጋል ብዬ ባስደነግጣቸው ገሠሠ "ያቺ ሴትዮ ናት ያዘጋችው" ይላል፣ የገነባሁት ሁሉ ይፈርሳል። ልክ ነኝ። 

ሐፍሳ ደክሟታል። እያንዳንዱን ጀሪካን ከፍታ፣ ለክታ፣ እርጥቡን ለይታ ታስቀምጣለች፤ ማድረቂያ ክፍሉ ሞልቷል። ወረፋው ግቢው ድረስ ደርሷል። "እንዲህ ከቀጠልን ወላሂ በክረምትም አንጨርስም" አለችኝ፣ ዓይኗ ቀልቷል። አሳዘነችኝ።

"አይዞሽ። ገሠሠ ከአሁን በኋላ በሰም ያልተደፈነ ማር አልቀበልም ብሏል። ቃሌን ስጪልኝ ነው ያለኝ።"

"ገሠሠ?"

"አዎ።"

ግድግዳውን ተደገፈች። "እሱ ቃሉን ከሰጠ ይበቃኛል" አለች። "ሰውየው ኩሩ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም።"

ዛሬውኑ ለገሠሠ ደውዬ ነገሩን እውነት አደርገዋለሁ ብዬ ነበር። የማሻ ኔትወርክ እምቢ አለ።

ግንቦት 11

ገሠሠን አገኘሁት። "በሰም የተደፈነውን ብቻ ብትቀበሉ ጥሩ ነበር" አልኩት፣ እንደ ቀላል ነገር።

"እትዬ ማናልሞሽ፣ ሰዎቹ በዚህ ዝናብ ጫካ ገብተው፣ በገመድ ዛፍ ወጥተው ያወረዱትን ማር መልሳችሁ ውሰዱ ብላቸው ነገ ለማን ያመጣሉ? ደግሞ እሷ አስተካክለዋለሁ ብላ የለ?"

ብላለች አልኩት። ምን ማለት እችል ነበር? ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሼ ያልኩትን ልሰርዝ? እሱ የገጠሩን ሰው ችግር ያውቃል፣ እሷ የማሩን ባሕርይ ታውቃለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይህንን ራሱ አንድ ቀን አንድ ላይ አስቀምጬ እነግራቸዋለሁ።

ግንቦት 16

እነሆ፣ ሥራ ማለት ይሄ ነው። ጭነቱ በሰዓቱ ይገባል፣ ማጣሪያው ውስጥ ሲዘፈን ይውላል። ገሠሠ በሹፌሩ እጅ ለሐፍሳ አንድ ፌስታል ኮረሪማ ላከላት። ሐፍሳም ለማሻዎቹ የዝናብ ካፖርት ገዝታ ላከች፣ ለዲቦራ ቢጫውን። ይህንን እኔ አልጨመርኩበትም፤ በራሳቸው ነው የተላላኩት። ሹፌሩ "ሰላም በላት ብሎኛል" ሲላት ጆሮዬ ሰማ። እውነተኛ ሰላምታ ነበር። ደስ አለኝ፣ ትንሽ ደግሞ ከፋኝ፤ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም።

አቶ ፍቅሩ "ጅማ መሄድሽ ለካ ፋይዳ ነበረው" አሉኝ።

ግንቦት 22

ማጣሪያው ዘንድ ብቅ አልኩ። ሐፍሳ ጀሪካኖቹን እየከፈተች በቀጥታ ወደ ትልቁ ማጠራቀሚያ ስታስገለብጥ አገኘኋት። መለኪያዋ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"ሁሉንም አትለኪም እንዴ?"

"ከየጭነቱ አንድ ሁለቱን አያለሁ። ገሠሠ ቃሉን ሰጥቶ እያለ በየጀሪካኑ ብለካ እሱን አለማመን ነው የሚሆነው። አምና በደልኩት፤ ዘንድሮ ልመነው። ጭነታችንም ይደርሳል፣ አይዞሽ እትዬ ማኔ።"

በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "ጥሩ አድርገሻል" ብዬ ወጣሁ። ለምሳ ቸኩዬ ነበር።

ግንቦት 23

የገሠሠ ማር ሁሉ እርጥብ ነው ማለት አይደለም። ደህናው ይበልጣል። ሲቀላቀል ይመጣጠናል። ሐፍሳ ራሷ አንድ ሁለቱን እያየች አይደል።

ግንቦት 27

 ገሠሠ ደውሎ "አርብ አረፋ ነው አይደል? ከዲቦራ ጋር ወደ ሐፍሳ ቤት እንወርዳለን። ምርጥ ነጭ ማር ከነእንጀራው ለይቻለሁ። ይቅርታ የላከችን ሴት በዓሏ ላይ ሄዶ አለመጠየቅ ነውር ነው" አለኝ።

ሊገናኙ ነው። ይቅርታውን ያነሳል። እሷ "የምን ይቅርታ?" ትላለች።

"ውይ፣ ለበዓሉ ወልቂጤ ቤተሰቦቿ ጋ ትሄዳለች" አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። "ሌላ ጊዜ ይሻላል።"

"እንግዲህ አላለልንም" አለ። ማዘኑ ያስታውቃል።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሐፍሳ ቢሮዬ መጣች። "ገሠሠን ለአረፋ ልጥራው አስቤ ነበር፣ ምን ይመስልሻል? እናንተ የምትበሉትን በክርስቲያን ጎረቤቴ አሳርዳለሁ።" መንገዱ ተበላሽቷል፣ ከጌጫ ወዲህ መኪና አያልፍም ብለዋል አልኳት።

ሁለት ሰው ለመታረቅ በሁለት በኩል በሩን ሲያንኳኳ መሃል ቆሜ ያዝኩባቸው። ይህንን ጽፌ ሳነበው ሌላ ሰው ያደረገው ይመስለኛል። ጭነቱ ካለቀ በኋላ፣ ሰኔ ላይ፣ ሁሉንም በሳቅ አድርጌ እነግራቸዋለሁ።

ግንቦት 29

አረፋ። እኔና ጌታሁን ሐፍሳ ቤት ዋልን። ለእኛ ዶሮ በክርስቲያን ጎረቤቷ አሳርዳ ለብቻው አሠርታ ነበር። "ለገሠሠም ይበቃ ነበር" አለች ስታቀርብልን። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "የማሻ ሚኒባስ ግን ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ገብቷል አሉኝ" አለች። አየችኝ። እኔ እህቷ ላይ ያለውን ልብስ አደነቅኩ።

 ቤት ደርሰን ጌታሁን ጫማውን እየፈታ "እስከ መቼ ነው?" አለ፣ ይኸው ብቻ።

ሰኔ 4

ፈልቷል።

ሽታው ነው መጀመሪያ ለሐፍሳ የነገራት። ጠዋት ማጣሪያውን ስትከፍት ጠጅ ቤት የገባች መሰላት አሉ። የማጠራቀሚያውን ክዳን ስታነሳ ማሩ ኩፍ ብሎ ከአፉ ደርሷል፣ ከስር እየተንፈቀፈቀ። እኔ ስደርስ እየለካች ነበር፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከስር። ለካች፣ ደግማ ለካች። ከዚያ መለኪያውን አስቀምጣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። የወሩ ነጭ ማር ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው፤ ተቀላቅሏል፣ የሚለይ ነገር የለውም።

"ቃሉን ሰጥቶኝ ነበር" አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ስልክሽን ስጪኝ፣ ልደውልለት" አለችኝ።

"የማሻ ኔትወርክ እኮ..." አልኩ።

አላስጨረሰችኝም። ወጥታ ከሹፌሩ ቁጥሩን ተቀበለች። ግቢው ውስጥ ቆማ ስታወራ በመስኮት አየኋት። ከአምና ወዲህ ያልተነጋገሩ ሰዎች ናቸው። ንግግራቸው አጭር ነበር። ገሠሠ ነገ ይወርዳል።



ሰኔ 5

ገሠሠ ብቻውን መጣ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። ማጠራቀሚያው አጠገብ ቆሙ፤ እኔ በሩ ላይ።

"በሰም ያልተደፈነ አልቀበልም ብለህ ቃልህን ሰጥተኸኝ" አለች ሐፍሳ።

"ለማን? እኔ እንዲህ ያለ ቃል አልሰጠሁም። ሰዎቹን ልመልስ አልችልም ብያለሁ እንጂ። አንቺ አይደለሽ እርጥቡን አስተካክለዋለሁ ያልሽው?"

"እኔ? ብትልክ እመልስብሃለሁ ነው ያልኩት።"

"ኧረ! አመስግናለች ተባልኩ እኮ። ይቅርታም..." አለና ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ። "ይቅርታም ጠይቀሽኛል ተብያለሁ።"

ሐፍሳ ወለሉን ታይ ነበር። "አልጠየቅኩህም" አለች ቀስ ብላ። "መጠየቅ ግን ነበረብኝ። አምናውኑ።"

ሁለቱም ለጊዜው ወደ እኔ አልዞሩም። ያ ነው የከበደኝ። "እኔ ለሥራው ብዬ ነው፣ እንድትፋቀሩ ብዬ ነው" አልኩ ከበሩ ላይ። ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

ሐፍሳ ዞረች። አልጮኸችም። "እትዬ ማኔ፣ ሌላስ ያላልነው ምን አልን? አሁኑኑ ንገሪን፣ የምናድነው ካለ እናድን።"

ጣቢያው ሊዘጋ መሆኑን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፣ ወደፊትም አይኖርም።

"ሌላ የለም" አልኩ።

ሰኔ 7

ገሠሠ ወደ ማሻ አልተመለሰም። ከሐፍሳ ጋር ጎን ለጎን ቆመው ገና ያልተገለበጡትን ጀሪካኖች እየለኩ ይለያሉ። እሱ እያንዳንዱ ጀሪካን ከየትኛው ጫካ፣ ከየትኛው ሰው ቀፎ እንደመጣ ያውቃል፤ እሷ ትለካለች፤ ከሰዓት ላይ ሳይለኩም የማን ማር እርጥብ እንደሆነ መገመት ጀምረው ነበር። የፈላውን ሚዛን ከተማ ላሉ ጠጅ ቤቶች እንሽጠው ብለው ተመካከሩ። ሁሉን ነገር በአንድ ቀን።

ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ስልኬ አልጮኸም።

ሰኔ 9

አቶ ፍቅሩ ነገ ይመጣሉ። ዛሬ ማታ ለገሠሠ እነግረዋለሁ። የሚያድረው የሐፍሳ ወንድም ቤት ነው፤ ሩቅ አይደለም።

ዘነበ። አልሄድኩም።

ሰኔ 10

እንዳለ ልጻፈው።

ስብሰባው ማጣሪያው ውስጥ ነበር፤ አቶ ፍቅሩ፣ ሐፍሳ፣ ገሠሠና እኔ። ከደንበኛው ትዕዛዝ ግማሹ እንኳን አልሞላም። አቶ ፍቅሩ አልተቆጡም፤ ደክሟቸዋል። ማሩ እንዴት ፈላ ሲሉ ሐፍሳ "ሳልለካ የቀላቀልኩት እኔ ነኝ" አለች። ገሠሠ "እርጥቡን የላክሁት እኔ ነኝ" አለ። የእኔን ስም ማንም አላነሳም። ሁለቱ ተማክረውበት እንደመጡ አሁን ነው የገባኝ።

"እንግዲህ የማሻ ጣቢያ ከሰኔ በኋላ አይቀጥልም" አሉ አቶ ፍቅሩ። "ድንገት መጣብን እንዳትሉ ብቻ። ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ በማናልሞሽ በኩል አስጠንቅቄያችኋለሁ።"

ገሠሠ ቀና አለ። ሐፍሳ ወደ እኔ ዞረች።

አቶ ፍቅሩ የሁለቱን ፊት አዩና "ነግረሻቸዋል አይደል?" አሉኝ።

"ነግሬያቸዋለሁ" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ይታየኝ ነበር፣ ግን ልመልሰው አልቻልኩም።

ገሠሠ አየኝ። ብዙ አላየኝም። ከዚያ እጆቹን እያየ "አዎ፣ ነግረውናል" አለ።

ሐፍሳ ልትናገር አፏን ከፈተች። ገሠሠ ዞር ብሎ አያት፤ ዘጋችው። ከዚያ በላይ ቃል አላስፈለጋቸውም።

ሲበተን አቶ ፍቅሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አንቺ የምትችይውን አድርገሻል፤ ቢያንስ ሁለቱ ተግባብተዋል" አሉ። በቦታዬ እንደምቀጥል ነገሩኝ።

ሰኔ 11

መናኸሪያ ሄድኩ። ገሠሠ የማሻው ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል።

"ለምን እንደዚያ አልክ?" አልኩት።

"ሰው ፊት ነበሩ እትዬ ማናልሞሽ። ሰው ፊት መዋረድ ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ።" ረዳቱ በሩን እየዘጋ ነበር። "ለጣቢያው ልጆች ግን እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም" አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ።

እንደሚሰድበኝ ነበር የጠበቅኩት፣ እንዲያውም ያንን ፈልጌ ነበር የሄድኩት። አፍሬአለሁ። ዕድሜ ልኬን እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ለጌታሁን ነገርኩት። የመጨረሻውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ተወልኝ።

ሰኔ 14

ጠዋት ዲቦራ ደወለች።

"እትዬ ማናልሞሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች። "ጣቢያው እንደሚዘጋ ጋሽ ገሠሠ ከፋሲካ ጀምሮ ያውቅ ነበር አሉ። የአቶ ፍቅሩ ሹፌር ነው ያወራው። ጠየቅነው፣ አዎ አለን። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰዎቹ አያናግሩትም። አብሮን በልቶ አብሮን ጠጥቶ ደበቀን ብለው። ለብቻው ነው ምሳውን የሚበላው።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እኔ ግን አላመንኩም። ቢያውቅ ኖሮ ልጄን እዚህ አምጥቼ ሳስመዘግብ ዝም አይለኝም ነበር። እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው።"

መልሱ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር። "እንዳትጨነቁ ብሎ ይሆናል፣ ስለሚወዳችሁ ነው" የሚል። ደግ ቃል ነው። ለእሱም ለእነሱም ለእኔም ይበቃ ነበር።

"አያውቅም ነበር" አልኳት። "እንድነግራችሁ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ለእሱም ለእናንተም አልነገርኩም። ልጅሽን ልታመጪ ነው ስትዪኝም አውቅ ነበር። ስብሰባው ላይ ነግሬያቸዋለሁ ብዬ ዋሸሁ፤ እሱ ሸፈነልኝ።"

 ከዲቦራ ኋላ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲጠራ ሰማሁ። አንድ ሰው በአገሩ ቋንቋ በሸክኛ የሆነ ነገር አለ። ከዚያ ድምጿ ተመለሰ፣ ቁጣም ሐዘንም የለበትም።

"ሁሉም እዚህ ናቸው። ጋሽ ገሠሠንም ጠርቼዋለሁ፣ በር ላይ ነው። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌዋለሁ፤ እንደገና ይበሉት።"

እንደገና አልኩት።